ካንሰር የገባበት ትዳር፦ የባልና የሚስት የስሜት ጤንነት

ካንሰር ከባለትዳሮች አንዱን ሲይዝ በሕክምና ካርዱ ላይ የሚጻፈው የአንድ ሰው ስም ነው። ፍርሃቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ የገንዘቡ ጭንቅና የነገው ሐሳብ ግን ለሁለቱም ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2022 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በዓለም ዙሪያ 20 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ላይ ካንሰር አዲስ ተገኝቷል፤ በዚያው ዓመት በበሽታው የሞቱት ወደ 9.7 ሚሊዮን ይጠጋሉ። ይህ የታማሚዎች ቁጥር ነው። ከእያንዳንዱ ባለትዳር ታማሚ ጎን በየትኛውም መዝገብ ያልሰፈረ ሌላ ሰው አለ፤ የመድኃኒት ሰዓት የሚያስታውስ፣ ሌሊት ትንፋሽ የሚያዳምጥ፣ ለሚጠይቅ ዘመድ ሁሉ ስልክ የሚመልስ። የስሜት ጉዳቱ በታማሚው ብቻ ከተለካ ግማሹ ሳይታይ ይቀራል።

የሥነ ልቦና ጥናት ይህን ለማየት ዘግይቷል። ሪቻርድ ላዛረስና ሱዛን ፎክማን በ1984 ባሳተሙት ታዋቂ መጽሐፋቸው ጭንቀትን ያስረዱት ሰው የገጠመውን ነገር ከሚመዝንበትና «እችለዋለሁ ወይስ አልችለውም?» ብሎ ከሚገምትበት መንገድ ተነሥተው ነው። ማብራሪያቸው ዛሬም ይሠራበታል፤ ትኩረቱ ግን በአንድ ሰው ላይ ነበር። በ1991 ጄምስ ኮይንና ዴቪድ ስሚዝ ድንገተኛ የልብ ሕመም የደረሰባቸውን ወንዶች ሚስቶች ሲያጠኑ ነገሩን ወደ ትዳር አመጡት። ሚስቶቹ ጉዳዩን አንሥተው ከባላቸው ጋር የሚመክሩባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ ባል እንዳይጨነቅ ብለው የራሳቸውን ሥጋት የሚውጡባቸው ጊዜያትም ነበሩ። ሥጋታቸውን አብዝተው የዋጡት ሚስቶች ራሳቸው ይበልጥ ተጨንቀው ተገኙ። የካንሰር ተመራማሪዎችም ይህን ሐሳብ በኋላ ወሰዱት።

ከዚያ ወዲህ በመስኩ ከሁሉ በላይ የሚጠቀሰው ስዊዘርላንዳዊው ጊ ቦደንማን ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያዳበረው ማብራሪያ ነው። በእሱ አመለካከት የአንዱ ጭንቀት በቃልም ሆነ በፊት ገጽታ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ሌላው የሚመልሰው ምላሽ ደግሞ ተመልሶ የመጀመሪያውን ይነካል። ጥሩው ምላሽ ብዙ መልክ አለው። አንዱ ማጽናናትና መስማት ነው። ሌላው ሥራ መረከብ ነው፤ ሚስት ኬሞ በወሰደችበት ሳምንት ባል ልጆቹን ትምህርት ቤት ሲያደርስ፣ ዕቁቡን ሲከፍል፣ ለእድር ስብሰባ እሱ ሲሄድ። ሦስተኛው ሁለቱ ችግሩን «የእኛ» ብለው አብረው ሲይዙት ነው፤ አብረው ይጠይቃሉ፣ አብረው ይጸልያሉ፣ አብረው ያለቅሳሉ። ቦደንማን መጥፎውንም ዐይነት አልዘነጋም፦ እየረዱ ማጉረምረም፣ «አንቺ ደግሞ ታበዢዋለሽ» ብሎ ማቃለል፣ ልብ ሌላ ቦታ ሆኖ እጅ ብቻ መስጠት። በካንሰር ላይ የተሠሩ ጥናቶች ሲታዩ አብሮ መያዝ ከተሻለ የትዳር እርካታና ከዝቅተኛ ጭንቀት ጋር ሲገጥም፣ መጥፎው ዐይነት ድጋፍ ደግሞ ከድብርት ጋር ይገጥማል።

ከጉዳዩ ሁሉ ሰፊውና አስቸጋሪው መደባበቅ ነው። በካንሰር ሕክምና ክፍሎች ደጅ የተለመደ ነገር አለ። ታማሚዋ ሚስት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ባል ከሐኪሙ ክፍል ሲወጣ የምርመራውን ወረቀት አራት አጥፎ በኮቱ የውስጥ ኪስ ከቶታል። «ምን አለ?» ትለዋለች። «ትንሽ እጢ ናት፤ በመድኃኒት ትጠፋለች ነው ያለው» ይላታል። እሷ ግን አጠገቧ የተቀመጡትን ሴቶች ሻሽ አይታ፣ ወሬያቸውንም ሰምታ፣ ምን ክፍል ደጅ እንዳለች ከገባት ቆይቷል። እሱን ላለማስደንገጥ «ተመስገን» ትላለች። ማታ ሁለቱም ነቅተው፣ ሁለቱም የተኙ መስለው ያድራሉ። በመካከላቸው የዋለው ነገር ፍቅር ነው፤ ፍሬው ግን ሁለት ለየብቻ የሚፈሩ ሰዎች ናቸው።

በኢትዮጵያ ቤተሰብ ለሐኪሙ «ለእሷ አይንገሯት፤ ለእኛ ይንገሩን» ማለቱ እንግዳ አይደለም። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት ብቻ ማየት ስሕተት ይሆናል። ክፉ ወሬ ለብቻው ባለ ሰው ላይ በድንገት አይጣልም፤ መርዶ የሚነገረው ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ሽማግሌ ባለበት ነው። የወጉ ቁም ነገር ግን መልካም አጃቢ ማዘጋጀቱ ላይ ነው። መርዶ የሚቆየው ሰው እስኪሰበሰብ ነው እንጂ ለሁልጊዜ ሊሸሸግ አይደለም። ወደ ካንሰር ሕክምና ሲመጣ የሚፈርሰው ይኸው ሁለተኛው ክፍል ነው፤ ዝግጅቱ ይጀመራል፣ ነገሩ ግን ሳይነገር ይቀራል። ታማሚው ጸጉሩ ሲረግፍ፣ ክብደቱ ሲቀንስ፣ ጠያቂ ሲበዛበት ራሱ ይደርስበታል። ከዚያ በኋላ ማወቁን እሱም ይደብቃል።

መደባበቅ የሚጎዳው ፍቅር በቀዘቀዘበት ትዳር ብቻ አይደለም። አሜሪካዊቷ ሻሮን ማንና ባልደረቦቿ በ2007 ያወጡት የጡት ካንሰር ጥናት ስሜትን መሸሸግ ከጭንቀት ጋር ይበልጥ ተጣብቆ የታየው በትዳራቸው ደስተኛ በሆኑት ታማሚዎች ዘንድ መሆኑን አሳይቷል። ሁሉን መነጋገር በለመዱ ሰዎች መካከል ድንገት የተጋረደ ነገር ሲኖር የሚከብደው ለዚህ ይመስላል። በሌላ በኩል «ሁሉም ሰው ሁሉን ይናገር» ማለትም አያስኬድም። ሎራ ፖርተርና ባልደረቦቿ በ2009 የሆድ ዕቃ ካንሰር ላለባቸው ታማሚዎች ከትዳር አጋራቸው ጋር ስሜታቸውን የሚነጋገሩበት ፕሮግራም ሞክረው ነበር፤ በትዳር ቅርበት ላይ ግልጽ ጥቅም ያገኙት ቀድሞ ብዙ ይደብቁ የነበሩት ናቸው። ቀድሞውኑ የሚነጋገሩትን፣ ወይም ዝምታ ሳያስጨንቃቸው የተስማሙበትን ባለትዳሮች ካልፈለጉ መጎትጎት አያስፈልግም። ተጎጂው ሊናገር እየፈለገ ሆድ ይፍጀው የሚለው ነው።

ጠያቂም በዚህ ውስጥ ድርሻ አለው። የታመመ መጠየቅ ትልቅ ሀብት ነው፤ ያለ ጎረቤትና ያለ እድር ብዙ ቤተሰብ ሕክምናውን አይዘልቀውም ነበር። ሆኖም «አይዞሽ፣ ምንም አትሆኚም፣ አታስቢ» እየተባለ የሚደጋገመው ማጽናኛ ታማሚዋ ፍርሃቷን የምታወጣበትን በር ይዘጋል። የካንሰር ሥነ ልቦናን እንደ ሕክምና ዘርፍ ያቋቋሙት ኒው ዮርካዊቷ ሐኪም ጂሚ ሆላንድ፣ ታማሚን ሁልጊዜ በጎ በጎውን ብቻ እንዲያስብ ማስገደድ ራሱን የቻለ ጭቆና እንደሆነ ይከራከሩ ነበር። ሰው ስላዘነና ስለፈራ ካንሰሩ አይብስበትም። ይህን የተረዳ ባል ወይም የተረዳች ሚስት የታማሚን እንባ ለማስቆም ከመሯሯጥ ይድናሉ።

ማን ይበልጥ ይጨነቃል የሚለው ጥያቄ ብዙ ተጠንቷል፤ መልሱም ያልተጠበቀ ነበር። ማሪየት ሃገዶርንና ባልደረቦቿ በ2008 በርካታ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ታማሚ በመሆንና አስታማሚ በመሆን መካከል ያለው የጭንቀት ልዩነት ትንሽ ሆኖ ተገኘ። ጎልቶ የወጣው የጾታ ልዩነት ነበር፦ ሴቶች ታማሚም ሆኑ አስታማሚ ከወንዶች የበለጠ ጭንቀት ይገልጻሉ። የወንዱ ዝምታ ጤንነት ነው ማለት ግን አይቻልም፤ ብዙ ወንዶች መጨነቃቸውን የሚያወጡት በቁጣ፣ በመጠጥ ወይም ከቤት በመራቅ ነው። በ2013 በላንሴት ኦንኮሎጂ የወጣ ሰፊ ጥናትም ከበሽታው ብዙ ዓመት የቆዩ ታማሚዎችንና የትዳር አጋሮቻቸውን ሲያነጻጽር በድብርትም በሥጋትም ጉልህ ልዩነት አላገኘም። አስታማሚው ከሕመምተኛው እኩል መታየት አለበት የሚለው ክርክር የቆመው በዚህ ላይ ነው።

የማስታመም ጫና አካልንም ይነካል። ሪቻርድ ሹልዝና ስኮት ቢች በ1999 ባወጡት ጥናት የትዳር አጋራቸውን የሚንከባከቡና ሸክሙ የከበዳቸው አረጋውያን፣ እንክብካቤ ከማያደርጉ እኩዮቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ በአራት ዓመት ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ63 በመቶ ጨምሮ ተገኝቷል። ጥናቱ በካንሰር ብቻ የተወሰነ አልነበረም፤ አሠራሩ ግን አንድ ነው። አስታማሚ የራሱን የደም ግፊት መድኃኒት ይረሳል፣ ቆሞ ይበላል፣ ወገቡን ሲያመው ለማን ይናገራል? «እሷ እንዲህ ሆና እኔ ስለ ወገቤ ላውራ?» የሚለው መልስ በየቤቱ ያለ ነው።

ካንሰር ትዳር ያፈርሳል ወይ ለሚለው ሁለት ዐይነት መረጃ አለ፤ አብረው መነበብ ይኖርባቸዋል። በ2009 በአሜሪካ የታተመ ጥናት 515 ከባድ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ተከታትሎ በአጠቃላይ 11.6 በመቶዎቹ መለያየታቸውን ገልጿል። ታማሚዋ ሚስት ስትሆን ድርሻው 20.8 በመቶ፣ ታማሚው ባል ሲሆን 2.9 በመቶ ብቻ ነበር። ይህ አኀዝ በየቦታው ይጠቀሳል፤ ይሁንና አብዛኞቹ ታማሚዎች የአንጎል ዕጢ ወይም ሌላ ካንሰር ሲኖርባቸው የተቀሩት የነርቭ ሕመምተኞች እንደነበሩ ሲነገር አይሰማም። ረጅም ዓመት የቆየ ትዳር ይበልጥ መጽናቱም ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በዴንማርክና በኖርዌይ የመላውን ሕዝብ መዝገብ ተጠቅመው በ2007 የወጡ ጥናቶች ካንሰር በጥቅሉ ፍቺን እንደማያበዛ አሳይተዋል፤ ለየት ብሎ የታየው በተለይ የማሕፀን በር ካንሰር ነበር። ከሁለቱ ሲወጣ፣ አብዛኛው ትዳር ይቆያል፤ የሚሰባበረው ክፍል ላይ ግን ሸክሙ የሚወድቀው ሴቷ ላይ ነው።

ትዳር በበኩሉ በሕክምናው ውጤት ላይ ይታያል። አያል አይዘርና ባልደረቦቹ በ2013 የ734,889 አሜሪካውያን መረጃ መርምረው፣ ያገቡ ታማሚዎች በሽታው ሳይሰራጭ የመገኘታቸው፣ ተገቢውን ሕክምና የማግኘታቸውና በሕይወት የመቆየታቸው ዕድል ካላገቡት የተሻለ መሆኑን አግኝተዋል፤ በካንሰር የመሞት አደጋቸው በ20 በመቶ ያነሰ ነበር። ምክንያቱ ቢያንስ በከፊል ግልጽ ነው። «ይቺን እብጠት ዛሬውኑ ታይ» የሚል፣ ቀጠሮ የሚያስታውስ፣ ታማሚው በደከመበት ቀን የሚያስነሣ ሰው አለ።

ስለ ሰውነትና ስለ መኝታ የሚነገረው ከሁሉ ያነሰ ነው፤ ሐኪሙ አይጠይቅም፣ ባለትዳሮቹም ያፍራሉ። ጡቷ በቀዶ ሕክምና የወጣ ሴት በባሏ ፊት ልብስ መለወጥ ስታቆም፣ ባል ደግሞ እንዳያስቀይማት ፈርቶ እጁን ሲሰበስብ፣ እሷ መሰብሰቡን እንደ መጸየፍ ታነበዋለች። ኬሞ ማረጥን ቀድሞ ሊያመጣና የብልት ድርቀት ሊያስከትል ይችላል። የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ብልት እንዳይቆም፣ ሽንትም እንዳይቋጠር ሊያደርግ ይችላል፤ የሆርሞን ሕክምናው ፍላጎትን ራሱን ይቀንሳል። ብዙዎቹ መፍትሔ ወይም ማቅለያ አላቸው፤ ማለስለሻ ቅባት፣ መድኃኒት፣ ከጨረር በኋላ የማሕፀን በር ካንሰር ታማሚዎች የሚጠቀሙበት ማስፊያ። መውለድ የሚፈልጉ ወጣት ባለትዳሮች ጥያቄውን ኬሞ ከመጀመሩ በፊት ማንሣት አለባቸው፤ ከተጀመረ በኋላ ምርጫው ይጠባል።

ከፍርሃቶቹ አንዳንዶቹ መሠረት የላቸውም። ካንሰር በግብረ ሥጋ ግንኙነት ከታማሚ ወደ አጋር አይተላለፍም። ከውጭ በመሣሪያ ጨረር የወሰደ ሰው ለሚያቅፈው ሰው አደጋ አይሆንም። ኬሞ ከተወሰደ በኋላ ግን መድኃኒቱ በሰውነት ፈሳሽ ስለሚወጣ ለጥቂት ቀናት ኮንዶም መጠቀም ይመከራል። የማሕፀን በር ካንሰርን በአብዛኛው የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የተባለ ቫይረስ በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ መሆኑ ሲሰማ ደግሞ በብዙ ቤት «ከየት አመጣኸው? ከየት አመጣሽው?» ይከተላል። ይህ ቫይረስ ግብረ ሥጋ ግንኙነት ባላቸው ሰዎች ዘንድ እጅግ የተለመደ ነው፤ ከተያዙበት ጊዜ አንስቶ ካንሰር እስኪሆንም ብዙውን ጊዜ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ያልፋል። የዛሬ ሕመም ስለ አምናው ታማኝነት የሚመሰክረው ነገር የለም። በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው የማሕፀን በር ካንሰር በመሆኑ፣ ውጤቱን የሚናገረው ነርስ ወይም ሐኪም ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለሁለቱም አብሮ ቢነግራቸው ብዙ ቤት ከጠብ ይድናል። የቫይረሱ ክትባት በኢትዮጵያ ለልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በ2018 ነው።

ርቀትና ገንዘብ የስሜቱ ጉዳይ አካል ናቸው። ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚገኘው በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት በጅማና በሐረር ተጀምሯል። ከገጠር የሚመጣ ባለትዳር በሬውን ሸጦ፣ ልጆቹን ለአያት ትቶ፣ ለወራት ከተማ ውስጥ ክራይ ቤት ወይም ዘመድ ቤት ይሰነብታል። አንዱ ከተማ ሲታከም ሌላው አገር ቤት አዝመራውን ይዞ የሚቀርበት ሁኔታም ብዙ ነው፤ ያን ጊዜ ትዳሩ የሚኖረው በስልክ ነው። ወደ ዐረብ አገር ሄዳ የምትሠራ ሚስት ለባሏ የኬሞ ገንዘብ እየላከች አጠገቡ ልትሆን ስለማትችል በጥፋተኝነት ትሠቃያለች። በአራት ዓመቱ በደም ካንሰር የሞተ ልጃቸውን በማሰብ ወላጆች በ2004 ያቋቋሙት የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ፣ ከሩቅ ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያ በመስጠት ይህን ጫና ያቃልላል። ማረፊያ እንደ ሥነ ልቦና ሕክምና ባይቆጠርም፣ የት እንደሚያድር የሚያውቅ ሰው ስለ ስሜቱ ለማሰብ ፋታ ያገኛል።

በአሜሪካና በእስራኤል በሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ዘንድ ሌላ እንቅፋት አለ። የአገሩን ቋንቋ በደንብ የሚያውቀው ልጅ አስተርጓሚ ሆኖ ሐኪም ፊት ይቀመጣል። አባት ስለ ብልቱ፣ እናት ስለ ሞት ፍርሃቷ በልጃቸው አፍ ሊጠይቁ አይችሉም፤ ልጁም የከበደውን ዜና አቅልሎ ይተረጉማል። ሠልጣኝ አስተርጓሚ መጠየቅ በብዙዎቹ ሆስፒታሎች መብት ነው፤ ባልና ሚስት አብረው በገዛ ቋንቋቸው የሚሰሙበትን ዕድል የሚሰጣቸውም እሱ ነው።

ለባለትዳሮች የተዘጋጁ ድጋፎች ተፈትነዋል። በአውስትራሊያ ስኮት፣ ሃልፎርድና ዋርድ በ2004 ባወጡት ጥናት የጡትና የሴት መራቢያ አካላት ካንሰር መጀመሪያ ደረጃ ላይ የነበሩ ሴቶችን በሦስት ከፈሏቸው፤ አንዳንዶቹ የሕክምና መረጃ ብቻ አገኙ፣ ሌሎቹ ለብቻቸው ሠለጠኑ፣ የቀሩት ከባሎቻቸው ጋር ሠለጠኑ። መደጋገፍን ያሻሻለውና የሴቶቹን ጭንቀት ይበልጥ የቀነሰው ከባል ጋር የተሰጠው ነበር። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሎረል ኖርዝሃውስ ያዘጋጁት «ፎከስ» በተባለው ፕሮግራም ነርስ ቤት ድረስ ሄዳ ታማሚውንና አጋሩን አብራ ታነጋግራለች፤ በፕሮስቴት ካንሰር ላይ በ2007 በወጣው ሙከራ ከታማሚዎቹ ይልቅ ብዙ የተጠቀሙት ሚስቶቻቸው ነበሩ። በቶሮንቶ ደግሞ የመጨረሻ ደረጃ ላይ ለደረሱ ታማሚዎችና ለአጋሮቻቸው ስሜት ላይ ያተኮረ የትዳር ሕክምና ተሞክሮ የትዳራቸውን ሁኔታ አሻሽሏል። ሆዳ ባድርና ፖል ክሬብስ በ2013 እንዲህ ያሉትን ጥናቶች አንድ ላይ ሲመዝኑ ጥቅሙ እውነተኛ ቢሆንም መጠኑ አነስተኛ እንደሆነ ደመደሙ። ይህ ተስፋ አያስቆርጥም፤ ጥናቶቹ ብዙ ጊዜ ያልተጨነቁትንም አካትተው ስለሚለኩ ውጤቱ ይቀጥናል። ድጋፉ ለሚያስፈልገው እንዲደርስ ቀድሞ መለየት ይበጃል።

ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በብዙ አገር የሚሠራበት «የጭንቀት ቴርሞሜትር» ከ0 እስከ 10 ምልክት ያለው አንድ ሥዕል ነው፤ ባለፈው ሳምንት የተሰማውን ጭንቀት ታማሚው በጣቱ ያመለክታል፣ 4ና ከዚያ በላይ ከሆነ ተጨማሪ ንግግር ይደረጋል። መጻፍና ማንበብ ለማይችል ሰውም ይሆናል። ይኸው ጥያቄ ለአስታማሚውም ሊቀርብ ይችላል፤ በአብዛኛው ቦታ አይቀርብም። የሥነ ልቦና ባለሙያ በጥቂት ሆስፒታሎች ብቻ በሚገኝበት አገር ነርስ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የንስሐ አባት ወይም ኢማም «አንተስ እንዴት ነህ?» ብለው አስታማሚውን ለብቻ ቢጠይቁት ብዙ ይሠራል። ጸበልና ጸሎት ለብዙ ባለትዳሮች ጭንቀቱን አብረው የሚሸከሙበት ስፍራ ነው፤ ሕክምናውን እስካላስተጓጎለ ድረስ ሐኪም ሊያከብረውና ሊያግዘው የሚገባ ኀይል ነው።

እነዚህ ጥናቶች ራሳቸው ጉድለት አለባቸው። አብዛኛው ማስረጃ የመጣው ከሰሜን አሜሪካና ከአውሮፓ፣ በተለይም ከጡትና ከፕሮስቴት ካንሰር ታማሚዎች ነው። ለጥናት ፈቃደኛ የሚሆኑትም ብዙውን ጊዜ ትዳራቸው የተረጋጋ ነው፤ የተጣሉት በር አይከፍቱም። አማትና እኅት ከባልና ሚስት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያስታምሙበት ቤት «ሁለት ሰው» የሚለው መለኪያ እንዴት እንደሚሠራ ገና ብዙ የሚጠና ነገር አለ።

የመጨረሻው ደረጃ ሲደርስ ጥያቄው ይለወጣል። ከ2003 ጀምሮ የሚሠራው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ሊድኑ የማይችሉ ታማሚዎችን በቤታቸው ሕመም እያስታገሠ ይንከባከባል። ሕመም ያልታገሠለት ሰው መሰናበት አይችልም፤ ስለዚህ ሞርፊን ለስሜት ጤንነትም ያገለግላል። በዚህ ጊዜ ብዙ ባለትዳሮች ስለ ልጆች አደራ፣ ስለ ዕዳ፣ ስለ ቀብር ቦታ፣ ስለ ይቅርታ መነጋገር ይፈልጋሉ፤ ማን ይጀምር የሚለው ነው የሚያዘገያቸው። በስዊድን አርና ሃውክስዶትር ካጠናቻቸው፣ ሚስቶቻቸው በካንሰር የሞቱባቸው ወንዶች መካከል ሞቷ ሳይዘጋጁ የደረሰባቸው፣ አራትና አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ፣ ቀድመው ከተዘጋጁት ይልቅ ሥጋትና የእንቅልፍ ችግር ይበዛባቸው ነበር። ባል እንዲዘጋጅ የሚያደርገው ደግሞ ሐኪሙ በጊዜ የነገረው ቃልና ከሚስቱ ጋር የተነጋገሩት ነገር ነው።